አፍንጫ ያዥ እና የአባት ጉርሻ

ከጣና ዳር፣ ጥቁር ድንጋይ በሦስት በኩል የከበባት፣ አፏ ጠበብ ያለ አንዲት ወሽመጥ አለች፤ ስሟ አፍንጫ ያዥ ይባላል። ውኃዋ ንጹሕ ነው፣ ሽታ የሚባል ነገር የለባትም፤ ሆኖም በታንኳ የሚያልፍ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ አፏ ዘንድ ሲደርስ መቅዘፉን ገታ አድርጎ አፍንጫውን ሳይዝ አያልፍም። በአካባቢው ሠርግ ሲሆን ደግሞ ሙሽራዋ የመጀመሪያውን የዓሣ ጉርሻ የምታጎርሰው ሙሽራውን ሳይሆን የገዛ አባቷን ነው። ሁለቱን ነገር ምን እንዳገናኘው ሽማግሌዎቹ ሲጠየቁ ፊታቸውን ያጨማድዱና ምራቃቸውን እንትፍ ብለው ነው የሚጀምሩት።

እንደሚነገረው በዚያ ዘመን የመንደሩ ኑሮ የተንጠለጠለው በዚህች ወሽመጥ ላይ ነበር። በታኅሣሥ ነፋሱ የሐይቁን መካከል ሲያቀዘቅዘው፣ ወሽመጧ ጥልቀት ስለሌላትና ድንጋይዋም የፀሐይ ሙቀት ስለሚይዝ ውኃዋ ለብ ይላል፤ ደቃቅ ዓሣ ሙቀቱን ፈልጎ ይጎርፍባታል፣ ትልልቁ ነጭ ዓሣም ደቃቁን ሊበላ ተከትሎ ይመጣል፣ አጥማጆቹም አፏ ላይ መረብ ዘርግተው ትልልቁን ብቻ ይይዛሉ። የካቲት ገብቶ ፀሐይዋ ስትበረታ ደቃቁ ወደ ጥልቁ ይመለሳል፣ ትልቁም ይከተለዋል፣ ሰውም ታንኳውን ይዞ ከኋላቸው ይሄዳል። ዓሣዎቹ የሚወጡበትን ቀን የሚያውቀው አያ ቢምረው የሚባል አሮጌ አጥማጅ ነበር፤ በየማለዳው እግሩን እስከ ጉልበቱ ነክሮ ይቆምና «ገና ነው» ወይም «ዛሬ ይወጣሉ» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም ይባላል።

የመንደሩ ጭቃ ሹም ፈንቴ ግን ማንንም የማይሰማ፣ የያዘውን የማይለቅ፣ ስሙን ስጠራው እንኳ አፌን የሚመርረኝ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት የከብት በሽታ በሬውን ሁሉ ጨርሶ ነበርና፣ ለቅበላ ሳምንት የተቆረጠው የልጁ የአንጓች ሠርግ በዓሣ እንዲደገስ ግድ ሆነ። ጭቃ ሹሙም ከማዶ ለሚመጡት ለሙሽራው ወገኖች «በዓሣ አጠግባችኋለሁ» ብሎ ፎክሮ ስለነበር፣ በታኅሣሥ ወሽመጧ ዓሣ በዓሣ በሆነች ጊዜ አፏን በችካልና በደንገል አጥር አስዘጋው፤ እስከ ሠርጉም ማንም እንዳያጠምድ ከለከለ። ደቃቁ መውጫ ካጣ ትልቁ የት ይሄዳል ብሎ ነው።

አያ ቢምረው ደጁ ድረስ ሄዶ ለመነው።

«ጌታዬ፣ ይህ ውኃ በየካቲት እሳት ነው። ካልወጡ እዚያው ነው የሚያልቁት።»

«አንተ ዕድሜህን ሙሉ እግርህን ስትነክር ምን አተረፍክ? ቁርጥማት!» አለና አባረረው።

የካቲት ገባ። አያ ቢምረው አንድ ማለዳ እግሩን ነክሮ ወዲያው አወጣው፤ ውኃው ከእግሩ ይሞቅ ነበር ይላሉ። መጀመሪያ ደቃቁ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ በአጥሩ ሥር ተከመረ፣ በሦስተኛው ቀን ትልልቁ ተከተለ፤ ሆዳቸው ተነፍቶ እየፈነዳ፣ ዓይናቸው እየፈሰሰ፣ ውኃው አረንጓዴ ንፍጥ አበጀ። አሞራ እንኳ መጥቶ ተመለሰ ይባላል፤ አሞራው ላይ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል፣ ሽታው ላይ ግን ማንም አላጋነነም።

ሰው የሆነ ሰው አፍሮ ሠርጉን ያራዝም ነበር። ፈንቴ ግን ከዚያ ብስባሽ ውስጥ «ደህና ደህናውን» እንዲለቅሙ ሴቶቹን አዘዘ፤ በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት አሳሽቶ፣ በኑግ ዘይት አስጠብሶ ለእንግዳ ሊያቀርብ! አንዷ እየለቀመች አስታወከች፣ ሌላዋ እጇን በአመድ ደጋግማ ብታጥበው ሽታው አልለቅ አላት። ትሉ በበርበሬው መካከል ይታይ ነበር ይባላል፤ ይቅር በሉኝ፣ የሰማሁትን ነው። ሁሉም አሸተተ፣ ሹሙን ፈርቶ ግን አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ከሽታው ይልቅ እኔን የሚያቅለሸልሸኝ ይህ ዝምታ ነው።

አንጓች ጓዳ ተሸፍና ተቀምጣ የሴቶቹን ሹክሹክታ ሰማች። አማቶቿ ከበሉ ይሞታሉ፣ ቢተርፉም እሷ ዕድሜ ልኳን ብስባሽ ያበላች ሙሽራ ተብላ ትኖራለች፤ ከተናገረች ደግሞ አባቷ በሰው ፊት ይዋረዳል፣ ሠርጉም ይፈርሳል።

ከማዶ የመጡት የሙሽራው ወገኖች ዳስ ገብተው፣ በይሉኝታ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ እያደረጉ ተቀመጡ። አንጓችንም ከጓዳ አውጥተው ከሙሽራው ጎን አስቀመጧት። የሙሽራው አባት እጁን ወደ ማዕዱ ሲሰድ አንጓች ብድግ አለች፤ ሙሽራ ከመቀመጫዋ መነሣቷ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም ነበር።

«ቆዩኝ፤ ወልደው ያሳደጉኝ አባቴ ናቸው፣ ከሁሉ በፊት እሳቸውን ላጉርስ» አለችና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አባቷ ሄደች።

ፈንቴ በኩራት ፈገግ ብሎ አፉን ሊከፍት ነበር፤ ጉርሻው አፍንጫው ሥር ሲደርስ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። አፉን ገጥሞ ዞረ።

«ይጉረሱ እንጂ አባዬ፤ ለአማቶቼ ያሰናዱት አይደለም?»

ጭቃ ሹሙ ሳይጎርስ ተነሣ፣ ደጅ ሳይደርስም በሰው ሁሉ ፊት አስታወከ።

አንጓች ጉርሻውን ከነሳሕኑ አፈር ላይ ደፋችው፤ መጥረቢያ አንሥታ ወደ ወሽመጧ ወረደችና በሠርግ ቀሚሷ እስከ ወገቧ እዚያ ንፍጥ ውስጥ ገብታ ችካሉን ትፈልጥ ጀመር። ሙሽራው ነጠላውን አፍንጫው ላይ ጠምጥሞ ተከተላት፣ ከዚያ ሚዜዎቹ፣ በመጨረሻም አንገታቸውን የደፉት የመንደሩ ወንዶች። የሙሽራው አባት «ይህችን ልጅ ካልወሰድንማ ምን ልንወስድ መጣን?» አለ ይባላል።

ወሽመጧን ግን ሁለት ክረምት አላጠራትም፤ ሁለት ታኅሣሥ ደቃቅ ዓሣ ዝር ሳይልባት መንደሩ ባዶ መረብ ሲጎትት ከረመ። በሦስተኛው ታኅሣሥ አያ ቢምረው እግሩን ነክሮ ቆሞ ሳለ ደቃቁ ጣቶቹን ሲለቃቅመው ተሰማውና እዚያው አለቀሰ።

ዛሬም ውኃው ሲጎድል የችካሎቹ ጉቶ ብቅ ይላል፤ የወሽመጧን አፍ ግን ከዚያ ወዲህ የዘጋ የለም። ሠርግ ላይ ሙሽራዋ ጉርሻዋን ስታነሣ እንግዳው ሁሉ እጁን ሰብስቦ የአባትየውን ፊት ያያል። ዓሣው የዚያው ማለዳ ቢሆንም አባትየው መጀመሪያ ያሸታል፣ ከዚያ ይጎርሳል፤ እስኪውጠው ድረስ ማንም እጁን ወደ ማዕዱ አይሰድም።