ደንገሉ የመለሰው ሰው

በአንድ ወቅት፣ ሐይቁ ዳር ያለው ደንገል ለታንኳና ለማገዶ እየተቆረጠ ባለቀበት ዘመን፣ አበጀ የሚባል ቀዛፊ ሰጠመ። ታንኳው ብቻውን ወደ ዳር ተመለሰ። በዚያ አገር ውሃ የወሰደው ሰው አስከሬኑ ሳይገኝ እርሙ አይወጣም። ሚስቱ አንጓች፣ ምስኪን፣ እንባዋን ውጣ ተቀመጠች። ማዕበሉም የሚመክተው ደንገል ሲያጣ ዳርቻውን እየገመሰ ወደ ደጃፏ ቀረበ።

«ሐይቁ ያራቆታችሁትን ዳር ስታለብሱለት ሰውየውን ይመልሳል» አሉ ሽማግሌዎቹ ለሦስት ልጆቿ።

በኩሩ ደባስ ማንም ወደማይደፍረው ደሴት ቀዝፎ ሄደ። እዚያ ያለ ነፋስ የሚወዛወዝ ደንገል አለ። ሥሩን ሲነቅል ከጭቃው ውስጥ አንድ ነገር መልሶ ይጎትተው ነበር። እጁ እየደማ ነቅሎ አመጣው።

እህቱ ሙጪት ሥሩን ቆራርጣ ጭቃ በሞላ ጉድጓድ ውስጥ አኖረችው። ሲመሽ ቡቃያው ሲተነፍስ ትሰማለች። ፈርታለች፤ ግን ውሃ ማጠጣቷን አልተወችም። ክረምቱ ሲያልፍ እስከ ወገቧ ሐይቁ ውስጥ ገብታ ተከለችው።

ማዕበሉ ችግኙን መንቀል ጀመረ። ይሄኔ ትንሹ ይበይን ከአባቱ የቀረውን ታንኳ ፈትቶ፣ የደንገል እስሮቹን በችግኙ ፊት አጋደማቸው።

«አባትህን ሁለተኛ ገደልከው!» ብላ እናቱ ረገመችው። ደረቁ እስር ግን ሲውል ሲያድር አረንጓዴ ሆነ። ማዕበሉም ወደ ኋላ ተመለሰ።

ደንገሉ ከሰው ቁመት ሲያልፍ ባለቤቱ በዛ። «የኔ ነው!» «የለም፣ የኔ!» እየተባባሉ ሦስቱ ልጆች ሲጣሉ፣ አንድ ቀን ወደ ማምሻው ደንገሉ ለሁለት ተከፈለ። አባታቸው ሥር ተጠምጥሞበት ውሃው ውስጥ ቆሟል። ፊቱ አልተለወጠም። በቀኝ እጁ መቅዘፊያውን ጨብጧል።

«መቅዘፊያውን ለሚገባው ልጅ ይለቃል» አለች አንጓች። «እጁ ካልተፈታ አይገነዝም። እኔም አላለቅስም።»

«የማይገባው ቢይዘውስ?» አለ ደባስ።

«አብሮት ይወርዳል።»

ያን ጊዜ ጠቡ ተገላበጠ።

«ያሳደግሽው አንቺ ነሽ» አለ ደባስ እህቱን።

«ያተረፈው ይበይን ነው» አለች ሙጪት።

«ሥሩን ያመጣው ደባስ ነው» አለ ይበይን።

እናታቸው ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትጠብቃለች። የአበጀ ጉልበት ላይ የነበረው ውሃ ደረቱ ደርሷል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሰውየው ተመልሶ ሳይሰጥም እጁን መዘርጋት ያለበት ማን ነው?