ሸህ ጀውሃር ያልጨረሱት ደርስ

እስኪ ደፋር ከሆናችሁ እመኑኝ። በረመዳን፣ በጁምዓ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ መስጂዱ በር ላይ አንድ ትልቅ ሸህ ልጃቸውን በገዛ እጃቸው ውሃ አጠጡ ብዬ ብነግራችሁስ? ይኸው፣ ገና ከአሁኑ ዓይናችሁ ፈጠጠ! ወሏሂ አልዋሸሁም። ምላሳችሁን በነቢ ሰለዋት አርጥቡና እስከመጨረሻው ስሙኝ፤ መሳደብ ከፈለጋችሁ ከዚያ በኋላ።

በአንዲት የጥንት ከተማ፣ ስሟን አልነግራችሁም፣ ሄዳችሁ ሰው ልታስጨንቁ፣ ሸህ ጀውሃር የሚባሉ ሰው ነበሩ። ጠዋት ጠዋት የሶላት ኮፍያ ይሰፋሉ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ ውስጥ ደርስ ይሰጣሉ፣ ኪታብ ያስተምራሉ። ጢማቸው ነጭ ነው፣ ጉልበታቸው የማይታዘዝ ነው፣ ድምፃቸው ደግሞ ዝቅ ያለ። እንዲያውም ሰው ሁሉ እሳቸውን ለመስማት ሲል ዝም ማለት ተማረ ይባላል። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያለቻቸው አንድ ልጅ ናት፣ ረድያ።

ረድያ ማለት፣ አባቷ ሰፍተው የጨረሱትን ኮፍያ አፉን በክር ዘግታ፣ ደንበኛው አናቱ ላይ ለማድረግ ሲታገል በመጋረጃ ቀዳዳ እያየች በሳቅ የምትንፈራፈር ልጅ ነበረች። አስራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ግን ሳቋ ጠፋ። እንቅልፍ እምቢ አላት። ከግድግዳ ጋር ትከራከራለች፣ ማንም ሳይጠራት "አቤት" ትላለች። ሰፈሩም ጊዜ አላጠፋም፣ "ጂን ነው" አለና ተገላገለ። ሸሁ ስድስት ወር ሙሉ ቁርኣን ቀሩላት፣ ዱዐ አደረጉላት። አልቀነሰላትም። አንድ ጠዋት መርፌያቸውን አስቀመጡና "አላህ በሽታውን ሲያወርድ መድኃኒቱን አልረሳም፤ እኔ ነኝ መፈለግ የረሳሁት" ብለው ሆስፒታል ወሰዷት።

ሐኪሙ በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ክኒን አዘዘላት፣ "ውሃም በደንብ ትጠጣ" አለ። በሦስተኛው ወር ረድያ እንደ ሰው ተኛች። በአራተኛው ወር አንድ ኮፍያ አፉ ተሰፍቶ ተገኘ። ሸሁ ያንን ኮፍያ ይዘው አለቀሱ። ደንበኛው ኮፍያው ተበላሽቶባቸው መስሎት "ኧረ ግድ የለም ሸህ፣ ሌላ ይሰፋል!" እያለ ሲያጽናናቸው ዋለ።

ከዚያ ረመዳን መጣ።

ዋዜማው ላይ ሸሁ ደርስ ሰጡ። ያለ ምክንያት ጾሙን የሚበላ ሰው ምን ያህል እንደሚከስር አስተማሩ፣ ሰዉም እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሰማ። ምክንያት ያለውስ? እዚያ ሊደርሱ ሲሉ ሰዉ ጨረቃ ለማየት መቁነጥነጥ ጀመረ። አንዱ ጫማውን ይፈልጋል፣ ሌላው አንገቱን ወደ መስኮቱ ያስረዝማል። ሸሁም "በቃ፣ ቀሪውን ሌላ ቀን" ብለው ኪታባቸውን ዘጉ። ሌላ ቀን መቼ? ረሱት።

ከሴቶቹ መጋረጃ ጀርባ ረድያ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ሻሿን ጥላ ገበያ መሐል ወጣች። "ሚናራው ስሜን እየጠራ ነው፣ ዝም አስብሉት!" እያለች ትጮሃለች። ሰዎች ያዟትና እጇን በነጠላ አስረው ለአባቷ አመጡላቸው። ከፊት የቀደሙት ሐጂ ቡሽራ ናቸው፣ የመስጂዱ ሽማግሌዎች አለቃ፣ ከሸሁ ጋር በልጅነት አንድ ሰሌን ላይ ቁርኣን የቀሩ።

"ጀውሃር፣ ይበቃል" አሉ። "ወንዝ ማዶ ያለው ሰውዬ ዘንድ እንውሰዳት። በሰንሰለት ያቆያታል። ጂኑ ሲሰለቸው ይወጣል።"

"ልጄስ?"

"ልጅህ ምን?"

"ጂኑ ሲሰለቸው ይወጣል አልክ። ልጄ ሲሰለቻት በየት ትወጣለች?"

ሐጂ ቡሽራ ጢማቸውን ዳበሱ። "እሺ፣ ሐኪምህ ዘንድ ውሰዳት። ግን እወቀው፣ ሽማግሌው ተስማምቷል። አንድ ጊዜ እንደገና እንዲህ ከወጣች ማዶ ትሻገራለች። ያኔ አንተም ሆንክ ኪታብህ አትከለክሉንም።"

ሆስፒታል ሲደርሱ ተረኛዋ ነርስ ረድያን አየት አደረገቻትና "መርፌ እንወጋታለን፣ ትተኛለች፣ ይዘዋት ይሄዳሉ። ዶክተሩ ከነገ ወዲያ ነው የሚመጡት" አለች።

"ልጄ፣ ለመተኛቱማ ቤቴም አልጋ አለ። እንድትድን ነው ያመጣኋት" አሉ ሸሁ። "የሚያውቃት ሐኪም ይያት። እስከዚያ እዚሁ አቆዩልኝ። መጀመሪያ ግን እጇን ፍቱላት።"

"ብትሮጥስ አባባ?"

"አብሬያት እሮጣለሁ።"

ነርሷ የሸሁን ጉልበት አየች። ረድያም አየች። ያን ሁሉ ጭንቀት ተሸክማ፣ ስቃ አፏን ያዘች። ነርሷም አልቻለችም፣ ከንፈሯን ነክሳ ቋጠሮውን ፈታችው። ጥግ ላይም አንድ አልጋ ፈልጋ አገኘችላት።

ሸሁ ግን ወደ ቤት አልሄዱም። የዶክተሩ ቢሮ በር ላይ መሬት ቁጭ ብለው ኮፍያ መስፋት ጀመሩ። ዘበኛው "ይሂዱ አባባ" ይላቸዋል፤ "እሺ" ይላሉ፣ አይነሱም። ጽዳት የምትሠራዋ "እግርዎን ያንሱልኝ" ትላቸዋለች፤ እግራቸውን ያነሳሉ፣ እሳቸው አይነሱም። በሁለተኛው ቀን ነርሷ መጥታ "ምነው፣ እዚህ ሱቅ ከፈቱ እንዴ?" ብትላቸው፣ ክር በጥርሳቸው እየቆረጡ "ዶክተሩ ሲመጣ እዘጋለሁ" አሏት።

ዶክተሩ መጣ፣ ካርዷን አነበበ፣ ረድያን ቁጭ አድርጎ አናገራት።

"የቀኑን ክኒን ማን አስቆመሽ?"

"አባ።"

ሸሁ ደነገጡ። "እኔ?"

"አንተ ነህ ያስተማርከኝ። ያለ ምክንያት የበላ አልክ። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ግን አልነገርከንም። እኔ ደግሞ ምን ልበል? የሚያነክስ ሰው እግሬን ይላል፣ የሚያተኩሰው ግንባሬን ዳብሱኝ ይላል። እኔ የት ጋ ያመኛል ልበል?"

ሸሁ አርባ ዓመት ደርስ ሲሰጡ የጠየቃቸውን ሁሉ መልሰው ነበር። ይህቺን ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ዶክተሩ ሳይቆጣ አስረዳቸው። ዘንድሮ ጾም የለም፤ ክኒኑ በሰዓቱ፣ ውሃው በደንብ፤ ያለ ውሃ መድኃኒቱ ራሱ ይጎዳታል። ስምንት ቀን አስተኝቶ አከማት። ረድያም ረጋ ብላ ቤቷ ገባች።

እልልታው ገና ነው፣ አትቸኩሉ። በነጋታው ቀትር ላይ ሸሁ ክኒኑንና ውሃውን ሲያቀርቡላት ረድያ መጀመሪያ በሩን ነው ያየችው።

"ዝጋው።"

"ለምን?"

"ሰው ያየኛላ! የሸሁ ልጅ በረመዳን ትበላለች ሊሉ?"

ዘጉላት፣ ዋጠች። በማግስቱ ግን አንዲት ጎረቤት ሳታንኳኳ ዘው ስትል፣ ረድያ ክኒኑን ከነውሃው እጇ ላይ ተፋችው። ሸሁ ያኔ ገባቸው። በድብቅ የሚዋጥ ክኒን አንድ ቀን ይቀራል። አንድ ቀን ሲቀር ሁለት ይሆናል፣ ከዚያ ገበያ፣ ከገበያ ወንዝ ማዶ።

"ረድያ" አሏት፣ "የተውኩትን ደርስ ጁምዓ ዕለት እጨርሳለሁ። ከፈለግሽ ነይ፣ ካልፈለግሽም ቅሪ። እኔ ስምሽን አላነሳም።"

ብዙ አሰበች። "ውሃውን ማን ይይዛል?"

"እኔ።"

"እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ሙሉ እንዳትቀዳው።"

ጁምዓ ተሰገደ። ሰዉ ከመስጂድ ሲወጣ ሸሁ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት። በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው ኩባያ።

"ያ ጀማዓ፣ ወገኖቼ፣ የእናንተ ሐቅ አለብኝ" አሉ። "በረመዳን ዋዜማ ግማሹን ነግሬያችሁ ግማሹን ተውኩት። እናንተ ጨረቃ አማራችሁ፣ እኔም እናንተን ማስቀየም ፈራሁ። አላህ ለታመመ ሰው ቀኑን ወደ ሌላ ጊዜ አዛውሮለታል። ይህን ሳልነግራችሁ በተውኩት አንድ ታማሚ መድኃኒቱን ጥሎ ወደቀ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ ያስተማርኩትን ነው የሠራው። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።"

ሐጂ ቡሽራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሸህ፣ ይሄ ለወባ ነው፣ ለቁስል ነው። የጭንቅላት ነገር ሌላ ነው።"

"ሐጂ፣ አንድ ሰሌን ላይ ነው የቀራነው። የቁርኣኑ አያ ላይ የበሽታው ስም ተጽፏል?"

"አልተጻፈም።"

"እና አላህ ያልጻፈውን አንተ ልትጽፍበት ነው?"

ይሄኔ ረድያ ከሴቶቹ በኩል ብቻዋን ወጣች። ማንም አልጠራትም። አባቷ ፊት ቆመች፣ ክኒኑን አፏ ውስጥ አደረገች፣ "ቢስሚላህ" ብላ ኩባያውን ከነእጃቸው ይዛ እስከ ታች ጠጣችው። ከዚያ ሰዉን ሁሉ ቀና ብላ አየች። መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረው ሰዉ ነው።

ሐጂ ቡሽራ ወደ ሸሁ ተጠጉ። ለመንሾካሾክ ነበር ሐሳባቸው፤ ግን ጆሯቸው ደከም ያለ ስለሆነ ሲንሾካሾኩ እስከ ገበያ ይሰማል።

"ጀውሃር... ደም ግፊትም አለበት እዚያ ውስጥ? ሐኪሙ ዘንድሮ አትጹም ብሎኝ ነበር። ደበቅኩ። ትናንት ለሱጁድ ስደፋ ዓለም ስትዞርብኝ ነበር።"

ሸሁ አፋቸውን ሳይከፍቱ ረድያ ባዶ ኩባያዋን ከፍ አደረገች። "ሐጂ፣ ልቅዳልዎት?"

"አንቺ...!" አሉ ሐጂ። ግራ ቀኝ አዩ። "...ቀዝቀዝ ያለ ይሁን።"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂም ሳቁ፣ ሲስቁ ደግሞ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነው። ስለ ወንዝ ማዶው ሰውዬ ከዚያ ቀን በኋላ ያነሳ የለም። ሐጂ ውሃቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ ሸሁን አንድ ነገር ጠየቋቸው። "ያን ሁሉ ወር ያደረግክላት ዱዐስ? ተውከው ማለት ነው?"

"ለምን እተወዋለሁ?" አሉ ሸህ ጀውሃር። "ለዱዐ የተነሳ እጅ ክኒንም ያቀብላል።"

እንግዲህ አስቡት። እኛ እጃችንን ወደ ላይ እናነሳና እዚያው እንረሳዋለን። አሚን ካልን በኋላ ያ እጅ ወርዶ ቋጠሮ መፍታት አለበት፣ ኩባያ መያዝ አለበት፣ የዶክተር በር ላይ ሁለት ቀን መስፋት ካለበትም ይሰፋል። ሸሁ አላህን ለመኑ፣ ከዚያ አላህ የሰጣቸውን ለመቀበል ተነሥተው ሄዱ። ስህተታቸውንም ሰው ፊት ለመናገር ጢማቸው አልከበዳቸውም። ረድያ በአንድ ቀን ድና አላደረችም፤ የሚከብዳት ቀን ነበራት፣ አሁንም አላት። ግን ክኒኗን በሯን ከፍታ ትውጣለች፣ በየወሩም ከአባቷ ጋር ሆስፒታል ትሄዳለች። አንዳንዴ ሐጂ ቡሽራም አብረው ይሳፈራሉ፣ ረድያም መንገዱን ሙሉ ትቀልድባቸዋለች። አልሐምዱሊላህ።

አመናችሁኝ? ካመናችሁኝ ለሌላ ሰው ንገሩት። ካላመናችሁኝም ንገሩት፣ እሱ ያምን ይሆናል። ይልቁንም ጓዳው ውስጥ የታሰረ፣ የተደበቀ፣ "ጂን ነው" የተባለ ልጅ ያለው ጎረቤት ካላችሁ በሩን አንኳኩታችሁ ንገሩት። በአላህ፣ ዛሬውኑ።