የጠመመችው እጀታ

አንድ ሰው ነበረ፤ የሞቱ መኪናዎችን የሚያስነሣ። መኪና ስላችሁ በጎማ የሚሄደውን አይደለም፤ የልብስ ስፌት መኪና ነው። ያውም ተራውን አይደለም። ቆዳ የሚሰፋውን፣ የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራውን፣ ጥልፍ የሚጠልፈውን፣ ዛሬ መለዋወጫው የትም የማይገኘውን። ሰው ጓሮ የጣለውን እሱ ይሰበስባል። ናፍጣ ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ ዝገቱን ይፍቃል፣ የጎደለውን ከሌላ ሙት ነቅሎ ይሞላል። ሲጨርስ መኪናዋ ከፋብሪካ በወጣችበት ቀን እንደ ነበረች ትሆናለች።

ኩራቱ ይህ ነበር። እንደ ነበረች! ጎረቤቱ ሰዓት ሠሪው ድንቁ ይቀልድበታል።

"እኔ ሰዓት ስሠራ ከቆጠረ ይበቃኛል። አንተ ግን ብረቱን ክርስትና ካላነሣህ አይሆንልህም!"

አንድ ቀን እትዬ አጸደ የሚባሉ ሴት በጋሪ አንዲት መኪና አስጭነው መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማድ ቤት ጥግ የቆመች፣ ክረምት ጣራው ሲያፈስባት ዝጋ የተጣበቀች የጥልፍ መኪና።

"ልጄ ከፋሲካ በኋላ ታገባለች" አሉት። "ካባዋን የምጠልፈው እኔ ነኝ። የሰዉን ሙሽራ ሁሉ ሳለብስ ኖሬ የራሴን በኪራይ ካባ አልድርም። ትደርስልኛለች?"

"ትደርሳለች እትዬ።"

"እጀታዋን ግን..." ብለው ጀመሩ። ቀኝ እጃቸው ከነጠላቸው ሥር ነበር።

"አይዞዎት! እጀታዋንም፣ መንኮራኩሯንም፣ ሁሉንም። እንደ አዲስ አድርጌ ነው የማስረክብዎ።"

እትዬ አጸደ እጃቸውን ይበልጥ ሸሸጉት። እሱም አየ። ግን የሰው ጉድለት ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው ብሎ ፊቱን ወደ መኪናዋ መለሰ። ጨዋ ሰው ነበር። ስንቱን ነገር በጨዋነት አበላሽተናል፣ ወገኖቼ?

የጥልፍ መኪና እንደ ሌላው አይደለችም። ከጠረጴዛው በታች እጀታ አለቻት። ጠላፊዋ በቀኝ እጇ እጀታዋን ወደ ፈለገችበት ስታዞር መርፌው ጨርቁን ይዞ ወደዚያው ይሄዳል። ቅጠሉም፣ አበባውም፣ መስቀሉም የሚወጣው ከዚያች እጀታ ነው።

ሰውየው መኪናዋን ሲፈታ እጀታዋ ጠማማ ሆና አገኛት። ብረቷ ወደ ግራ ታጥፏል። ጫፏ ላይ ቆዳ ተጠምጥሞ በመዳብ ሽቦ ታስሯል፤ ቆዳውም አንድ ጎኑ ጎድጉዷል።

"ይሄን የትኛው አረመኔ ነው የሠራው?" አለ።

"መዶሻ ጠፍቶባቸው ሚስማር ሲመቱባት ኖረው ይሆናል" አለ ድንቁ።

ሳቁ። ከዚያ ከሌላ ሙት መኪና ቀጥ ያለች፣ የምታበራ የፋብሪካ እጀታ ነቅሎ ገጠመላት። ጠማማዋን ከውዳቂው ብረት ጋር ለቆራሌው ሰጠ።

እትዬ አጸደ ከሙሽራይቱ ልጃቸው ጋር መጡ። መኪናዋን ሲያዩ አፋቸውን ያዙ። ወንበሩን ሳቡ፣ ተቀመጡ፣ ቀኝ እጃቸውን ከጠረጴዛው በታች ሰደዱ። ፈለጉ። ደግመው ፈለጉ።

"እጀታዋስ?"

"ቀየርኳት እትዬ! የፋብሪካዋን አገኘሁላት። ያቺኛዋ እኮ ጠማማ ነበረች።"

ሴትየዋ እጃቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። በልጅነታቸው እሳት የበላው እጅ ነው። ሦስቱ ጣቶች ከመዳፉ ጋር ተጣብቀዋል።

"ጠማማዋ እሷ አይደለችም፣ ልጄ። እኔ ነኝ" አሉት። "ባለቤቴ ነው የሠራልኝ። ብረቱን ያጥፈዋል፣ እሞክረዋለሁ፣ አመመኝ እላለሁ፤ እንደገና ያቃናዋል። ቆዳውን ይፍቀዋል፣ እሞክረዋለሁ። ሁለት ክረምት ፈጀበት። 'አንቺ ሴትዮ፣ ያገባሁት እጅሽን ብቻ ነው እንዴ?' እያለ ይስቅብኝ ነበር።"

ሰውየው እየሮጠ ቆራሌው ዘንድ ሄደ።

"ያ ብረት?" አለው ቆራሌው። "ማቅለጫ ከገባ ሰነበተ። ይኸኔ የአንዱ ባለ ፎቅ ፌሮ ሆኖልሃል!"

ተመልሶ ሌላ ብረት አጠፈ። ቆዳ ጠመጠመ። "እስቲ ይሞክሩት እትዬ" አለ። ሞከሩ። የጥልፉ ሐረግ ተንሻፎ ወጣ። ፈታው፣ ፋቀው፣ እንደገና ጠመጠመው። የእትዬ አጸደ እጅ አበጠ። ሠርጉ ደግሞ እየቀረበ ነው።

"እማዬ፣ ተዪው በቃ" አለች ልጅቱ።

"ደህና ነው፣ ልጄ። ደክመሃል" አሉት እናትየዋ። እሳቸው እሱን ያጽናኑ ነበር።

ሙሽራይቱ በኪራይ ካባ ተዳረች። ሰውየው ሠርጉ ላይ ተጠርቶ ነበር። እትዬ አጸደ ከዘመድ መሀል አስቀምጠው "ብላ እንጂ፣ ምነው?" አሉት። በዚያ እጃቸው አጎረሱት።

ይቅር አሉት? አዎ፣ ከልባቸው ይቅር አሉት። ይቅርታው ግን ካባውን አልጠለፈውም። የሞተውን ሰው የሁለት ክረምት ትዕግሥት ማን ይመልሳል? እግዚአብሔር ይመልሳል ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለሰው እንዲህ ብያለሁ። ለዚያች ሙሽራ ግን ቀኑ አለፈ፤ አለፈ እንጂ ሌላ ምን ልበላችሁ?

ያ ሰው ክፉ ነበር? አልነበረም። ሰነፍ ነበር? አልነበረም። መኪናዋን አልወደደም? ይወድ ነበር። ታዲያ ምን አጠፋ? ሴትየዋ "ግን" ሲሉ አላስጨረሳቸውም። ይኸው ነው። አንዲት "ግን" ሰምቶ ቢሆን ኖሮ!

ጌታችን ከመቃብር ሲነሣ የችንካሩ ምልክት ከእጁ አልጠፋም። ሞትን ያሸነፈ ያንን ማጥፋት ያቅተዋል? ለምን ተወው? ሊቃውንቱ ብዙ ብለዋል፤ ብዙውን አንብቤ አንዱም አላሳረፈኝም። ይህን ብቻ አያለሁ፤ የተነሣው ያው የቆሰለው እጅ ነው። እኛ ግን ሰው ከወደቀበት ሲነሣልን፣ ያለፈበት ነገር ሁሉ ከላዩ ታጥቦ፣ ያኔ እንደምናውቀው ሆኖ እንዲመጣልን እንፈልጋለን።

እናንተስ? እዚህ ከተቀመጣችሁት መሀል ልጇ ከዐረብ አገር የተመለሰችላት እናት አለች። ልጅቱ ድሮ ሳቂታ ነበረች። አሁን በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፤ ትራሷ ሥር ዳቦ ትደብቃለች። እናንተም በፍቅር "አሁንማ ቤትሽ ነሽ፣ ይሄ ምንድን ነው? እንደ ድሮሽ ሁኚ እንጂ!" ትሏታላችሁ። አልጋዋን ስታነጥፉ ዳቦውን አንሥታችሁ ለዶሮ ትበትናላችሁ።

ያን ዳቦ ማን አስተማራት? በስንት ረኃብ ነው የተማረችው? ጠይቃችኋታል?

ዛሬ ስትገቡ ትራሷን አታራግፉባት። አጠገቧ ቁጭ በሉ። "ግን" ብላ ከጀመረች አስጨርሷት። ዝም ካለችም ዝም በሉ፤ ዳቦውንም እዚያው ተዉላት።