ዝርዝሩ ላይ ያልነበረው ሰው

አንዲት ሐኪም በወረርሽኝ ምክንያት በሯ በተዘጋ ከተማ ውስጥ ትኖር ነበር። እናቷ ከቅጥሩ ውጭ፣ ፊት ለፊት ባለው ኮረብታ ላይ ነበሩ። አሮጊቷ በየማለዳው ነጠላቸውን አጥሩ ላይ ይዘረጋሉ፤ «ደህና ነኝ» ማለታቸው ነው። ሐኪሟ ያንን ነጠላ በሩቅ እያየች ዘጠኝ ወር ቆየች። የእናቷን ድምፅ ግን እየረሳች ነበር።

አንድ ቀን ንጉሡ ለሃያ ሰው ብቻ የሚበቃ ክትባት ላከ። «አንዱ የድካምሽ ነው፤ አሥራ ዘጠኙን ለሚገባቸው ስጪ። የተከተበ ሰው በበሩ መውጣትና መግባት ይችላል» የሚል ትእዛዝም አብሮ መጣ።

ሐኪሟ ዝርዝር ጻፈች፤ አዋላጆችን፣ አስታማሚዎችን፣ አቅመ ደካሞችን። አንድ ባለጠጋ ነጋዴ ሰልፉን ጥሶ መጣ።

«እኔ ከሞትኩ እህሉን ማን ያመጣላችኋል?»

«አህዮችህ መንገዱን ያውቁት የለም እንዴ?» አለችው። ሰልፈኛው ሳቀ፤ ነጋዴውም እያጉረመረመ ተመለሰ።

አሥራ ዘጠኙ አለቀ። ሐኪሟ የራሷን ድርሻ አስቀምጣ ወደ እናቷ ለመሄድ የመንገድ ጫማዋን ስታስር ደባልቄ ከደጅ ቆሞ ጠራት። ደባልቄ የከተማዋ ገናዥ ነው፤ ሙታንን አጥቦ የሚከፍን።

«እሜቴ፣ ሳሙና አልቆብኝ ነበር።»

«ክትባት ፈልገህ አይደለም?»

«ኧረ እኔ! ለሳሙናው ነው።»

«የት ነው የምታድረው?»

«በረት ውስጥ ነዋ። ልጆቼን እንዳላስይዝ በመስኮት ነው የማያቸው። ትንሿማ አሁን አሁን ‹ያ ሰውዬ መጣ› ትላለች።» ለመሳቅ ሞከረ።

ሐኪሟ ዝርዝሩን አየች። በየቀኑ በሽታውን በእጁ የሚነካው ሰው ስሙ የለም። የረሳችው ጠልታው አልነበረም፤ እሱ የሚያስፈልግበትን ቀን ማሰብ ስለማትወድ ነው።

ጫማዋን ፈታች።

«እጅጌህን ሰብስብ።»

«የማን ነው እሱ?»

«ቤተሰቡ የናፈቀው ሰው ድርሻ ነው» አለችው።

ከሳምንታት በኋላ ሐኪሟ ቅጥሩ ላይ ወጣች። ከታች፣ ደባልቄ ትንሿን ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ግቢውን ይዞራል። ከማዶ የእናቷ ነጠላ ተዘርግቷል። የራሷን ነጠላ አውልቃ ክንዷ እስኪዝል አውለበለበች።

ጥቂቱን ለብዙዎች ስናካፍል የሚጮኸውን መመለስ አያስቸግርም። ከባዱ ዝም ያለውን ማስታወስ ነው፤ ከዚያም የእሱን ናፍቆት ከራሳችን ናፍቆት ጋር እኩል ማየት።

ዝርዝሩን የጻፉት እርስዎ ቢሆኑ፣ ማንን ይረሱ ነበር?