ለብስክሌት የተሰፋ ሻንጣ

አንድ ሰው ነበር፤ ሐዋሳ ውስጥ ሶፋ እየሠራ የሚኖር። እናቱ ገጠር ናት። አውቶቡስ ከሚያወርድበት አስፋልት እስከ ደጇ ረጅም ኮረኮንች መንገድ አለ፤ የእሱ ጉልበት ደግሞ ታሟል። በእግሩ መሄድ አይችልም፤ ፔዳል መምታት ግን አያቅተውም።

እንደ ምንም ብሎ አንድ ተጣጣፊ ብስክሌት ገዛ። ለምን ገዛው? እናቱን ለማየት! ለሌላ ለምንም አይደለም፤ ይህን ያዙልኝ።

የአውቶቡስ ጣሪያ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጆንያው፣ ፍራሹ፣ አንዳንዴም ፍየሉ እዚያ ነው። «ይቧጭሩብኛል» አለና ሻንጣ ሊሰፋለት ተነሣ። ሸራ ቆረጠ፤ ውስጡን በሶፋ ስፖንጅ ለበጠው። ብስክሌቱን አጥፎ ሲያስገባው ፔዳሉ ሸራውን ወጠረው። አላማረውም። ተረተረና እንደገና ጀመረ።

እናቱ ደወለች። «ልጄ፣ መቼ ነው የምትመጣው?»

«እማዬ፣ ሻንጣውን ልጨርስና።»

«በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ና እንጂ! የናፈቀኝ ያንተ ዓይን ነው፤ ብረት ምን ያደርግልኛል?»

ሳቀ። እሺ አላት። ከዚያስ ሄደ? አልሄደም። ከሥር ጣውላ አስገባበት፤ ሰንሰለቱ ቀለሙን እንዳይፍቀው መሃሉ ላይ ሌላ ስፖንጅ ጨመረ። እጁ ወርቅ ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው።

አንድ ጠዋት የእናቱ ጎረቤት ጋሽ ደምሳሽ ደወሉ። «እናትህን ትንሽ አሟታል፤ ቶሎ ድረስ» አሉት።

ወገኖቼ፣ በእኛ አገር እንዲህ ተብሎ ሲደወል ምን ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል? መርዶ በስልክ አይነገርም። እሱ ራሱ ለስንት ሰው እንዲህ ብሎ ደውሏል! በራሱ ሲደርስ ግን አልገባውም፤ ወይም እንዲገባው አልፈለገም። «ትንሽ ከሆነ ማንገቻውን ልስፋና ነገ እነሣለሁ» አለ።

ያን ቀን የመንደሩ ሰው ሬሳ አስቀምጦ መንገድ መንገድ ሲያይ ዋለ። ሊመሽ ሲል ቀበሯት።

በማግስቱ ደረሰ። ብስክሌቱ አንድ ጭረት አላገኘውም። ሰውየው ግን ድንኳኑ ደጃፍ መሬት ላይ ተንከባለለ። «እማዬ፣ ብርድ ልብሱ ይበቃኝ ነበር!» እያለ ጮኸ። ማን ይመልስለት? ምን ተብሎ ይጽናና? እኔም ዛሬ ማጽናኛ ቃል የለኝም፤ አላገኘሁለትም።

ክፉ ልጅ ነበር ትሉ ይሆናል። አልነበረም! ይወዳት ነበር፤ በጣም ይወዳት ነበር። መውደዱን ግን ስፌት ላይ ጨረሰው።

እናንተስ? «ቤቱን ቀለም ላስቀባና አባቴን እጠራዋለሁ» የምትሉ፣ «ቁጣዬ ይብረድልኝና ወንድሜን አነጋግረዋለሁ» የምትሉ፣ ምን እየሰፋችሁ ነው? «ልስተካከልና እግዚአብሔር ፊት እቀርባለሁ» የምትሉትስ? ተስተካክላችሁ ኑ ያላችሁ ማን ነው? እሱ ኑ ብቻ ነው ያለው!

እኔም ገና ብዙ የማስተምረው ነበረኝ፤ አሳምሬ ልቋጨው አስቤ ነበር። ይቅር። በዚህች ሰዓት መንገድ መንገድ የሚያይ ሰው አለ፤ ስሙን እናንተ ታውቁታላችሁ። ተነሡ፣ ሂዱ።