የደረቀው የአህያ ኮቴ

አንድ ጊዜ፣ ቤት ያጡ ሰዎች እስኪቋቋሙ ድረስ በሚጠለሉበት ግቢ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ፣ አንዲትን እናት ቀኗ ሳይደርስ ከነታማሚ ልጇ አስወጥቻለሁ። ቀኗ እንዳልደረሰ አውቅ ነበር። በሰው ስም ልጽፈው ሞክሬ ስላልቻልኩ ለእንስሳት ሰጥቼዋለሁ።

በአንድ ቆላ አገር ሰደድ እሳት ተነሥቶ ዱሩን ሁሉ በላው። አንበሳ በተራራው ወገብ ላይ ያለውን ሰፊ ዋሻ ለተጎጂዎች ከፈተና ጃርትን ኃላፊ አድርጎ ሾማት። ዋሻው ማለፊያ እንጂ መኖሪያ እንዳልሆነም አስጠነቀቀ።

ጃርት ሥርዓት ወዳድ ነበረች። ለገባ ሁሉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የምንጭ ጭቃ ትለስንለታለች፤ እንግዳውም ኮቴውን ወይም መዳፉን ያትምበታል። ድንጋዮቹ በዋሻው አፍ፣ ከጥላው ሥር ይደረደራሉ። ጭቃው ደርቆ እስኪሰነጠቅ ድረስ ባለቤቱን የሚነካው የለም፤ ሲሰነጠቅ ግን ድንጋዩ ይገለበጥና ባለቤቱ ቦታውን ለሌላ ይለቃል። በጥላ ውስጥ ይህ ሃያ ቀን ያህል ይፈጃል። ሃያ ቀን ደግሞ አዲስ ማደሪያ ለመፈለግ ይበቃል ተብሎ ሁሉም ተስማማ።

ከሁሉ ቀድሞ የገባው ቀበሮ ነበር። የእሱ ጭቃ ግን ዛሬም እርጥብ ነው። በምን እንደሚያረጥበው አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቃል። ጃርት በዚያ በኩል ስታልፍ ትንፋሿን ያዝ ታደርግ ነበር እንጂ አንድም ቀን ተናግራው አታውቅም፤ ቀበሮ ወሬ ያመጣላታል፣ ሥራዋንም ያወድስላታል።

አህያ የመጣችው ውርንጭላዋን በአፍንጫዋ እየገፋች ነው። አራቱም እግሮቹ ተቃጥለው ኮቴው መሬት ሲነካ ይጮኽ ስለነበር ማተም አልቻለም። ጃርትም ግድ የለም፣ በእናቱ ድንጋይ ይግባ አለች።

ከዋሻው ግርጌ ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ጅብ ተጋድሟል። ዋሻ ውስጥ ያለን እንዳይነካ አንበሳ ከልክሎታል። ከዋሻው ስለሚወጣ እንስሳ ግን ማንም ያለው ነገር አልነበረም።

አንበሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጎበኝ ገቢ እንጂ ወጪ አላይም ብሎ ፊቱን አዙሮባት ሄዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጃርት እህል አልወርድላት አለ። አሁን ደግሞ ነገ ተመልሶ ይመጣል። በዚያ ጠዋት ሥር ቆፍራ ስትመለስ ቀበሮ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

«እመት ጃርት፣ የእመት አህያ ነገር ያበቃለት መሰለኝ።»

ሄዳ አየች። የአህያዋ ኮቴ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ከእሱ በፊት የታተሙት ገና ለስላሳ ናቸው።

«ይሄ እንዴት ሆነ?» አለች።

«የአህያ ርግጫ ያውቃሉ አይደል? ጭቃው ደንግጦ ነው የደረቀው።» ቀበሮ በራሱ ቀልድ ሳቀ። «ነገ ጌታችን ሲመጡ አንድ የተሰናበተ ቢያዩ ደስ ይላቸዋል።»

ጃርት ወደ መሬት ተመለከተች። ከድንጋዩ ሥር ተነሥቶ ፀሐዩ እስከሚያርፍበት ሜዳ ድረስ አቧራው ላይ መስመር አለ፤ ድንጋይ ተጎትቶ የሄደበትና የተመለሰበት መስመር። ሁለት ቀን ሙሉ እሷ ለቀማ ስትወጣ ማን ቀርቶ እንደነበረም ታውቃለች። ቀበሮ ቀና ብሎ ወደ ሰማይ ያያል። እሷ የአንበሳ ፊት ታያት። ዞር አለችና፣ የኋሊት እየተራመደች መስመሩን በእሾኋ ጠረገችው።

አህያ ሲነገራት አልጮኸችም። ድንጋዩን ልየው ብላ አየችው፣ አሸተተችው።

«ያደርኩት ዘጠኝ ሌሊት ነው» አለች። «ጭቃውን የለሰኑልኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

«የሚታየው ጭቃው ነው እንጂ ሌሊቱ አይደለም።»

«እሺ፣ እኔ ልውጣ። እሱ እግሩ እስኪጠግግ ይቆይልኝ። የሚይዘው ይቺን ጥግ ናት፤ ማንንም አያስቸግርም።»

«እሱ የራሱ ድንጋይ የለውም» አለች ጃርት።

አህያ ልጇን በአፍንጫዋ ቀና አድርጋ አስነሣችው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ እንስሳቱ ሁሉ አቀርቅረው የየራሳቸውን ጭቃ ይመለከቱ ነበር። ቀበሮ ምስኪኖቹን ልሸኛቸው ብሎ ተከተለ።

በማግስቱ አንበሳ መጣ። የተገለበጠውን የአህያን ድንጋይ አየና አሁን ሥራው ገብቶሻል ብሏት ሄደ። ጃርት ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ እንዲላት ጠበቀች፤ አላላትም።

አንበሳ ከዓይን እንደራቀ ጅብ ሆዱን እያንጠለጠለ ወደ ዋሻው አፍ ወጣ። ቀበሮ ገና ሲያየው ከድንጋዮቹ ኋላ ሹልክ ብሎ ጠፋ። ጅብ ግን በሁሉ ፊት ቆሞ እንደ ደንበኛ ሰላምታ ሰጠ።

«ውርንጭላው ለስላሳ ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናቲቱ ከላዩ ላይ አልነሣ ብላ አደከመችኝ እንጂ። እኔ የምለው፣ እመት ጃርት፣ ቀጣዩ ድንጋይ ፀሐይ ላይ የሚወጣው መቼ ነው? ቀበሮ እሷን ጠይቃት፣ ታውቃለች ብሎኛል።»

ጃርት እሾኋ ሁሉ ቆመ። ጅብ ተሳስቷል፣ ቀበሮ ዋሽቷል ልትል አፏን ከፈተች። ከተጠለሉት አንዷ ጥንቸል ልጆቿን ከኋላዋ ሰብስባ ዓይን ዓይኗን ታያታለች።

«ያውቁ ነበር?» አለቻት ጥንቸል።

«መስመሩን አይቼዋለሁ» አለች ጃርት። «የጠረግሁትም እኔ ነኝ።»

ማንም አልሰደባትም። ጥንቸል ወደ ዋሻው አፍ መጣች፣ የራሷን ድንጋይ በጥርሷ ነክሳ እየጎተተች ወደ ውስጥ ወሰደችው፤ ልጆቿንም በዙሪያው አስተኛቻቸው። ቀጥሎ ዝንጀሮ ተነሣ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ በጥላው ሥር አንድም ድንጋይ አልቀረም። ጃርት ምንም የማትጠብቅ ዘበኛ ሆና ደጃፉ ላይ ብቻዋን ቀረች። ጅብም መልስ ስላላገኘ፣ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ወረደ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለተቸገረ የተከፈተን በር እንዲጠብቅ የተሾመ ሰው ያየውን እውነት እንዳላየ ካለፈ፣ የሚበላው ጅብ ቢሆንም አሳልፎ የሚሰጠው እሱ መሆኑን ነው።

እስከዚህ ያነበባችሁ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።