ድንጋይ የተጫነው የታኔ በርሜል

የሚቸኩልን እንግዳ፣ ያውም ልጅ ሊያጭ የመጣን፣ ምን ብለው ይከለክሉታል? አሮጊቷ ታኔ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ኖረች እንጂ መልስ አላገኘችለትም። በጃፓን አገር፣ በአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር፣ ሰው ያልታገሠውን ነገር ሲያጣጥል የሚባል አባባል አለ። አባባሉ የወጣው ከእሷ ቤት ነው።

በዚያ መንደር ዕንቁላሏን በሆዷ የያዘች ዓሣ በጸደይ በጨው ትታሻለች። ሙቀቱ ሲበረታ ታጥባ፣ የተቀቀለ ሩዝ ተጠቅጥቆባት በእንጨት በርሜል ትደረደራለች። ክዳኑ ላይ ከባድ ድንጋይ ይጫናል፤ አየር እንዳይገባ የጨው ውኃ ይፈስበታል። ከዚያ ወዲያ በብርዱ ወራት የሚውለው አዲስ ዓመታቸው እስኪገባ የሚነካው የለም። ሩዙ እየኮመጠጠ ዓሣዋን ይጠብቃታል። እንደ ጠላ ጥንስስ ነው፤ ከነካኩት ይበላሻል። ዛሬ ከተሜው ሱሺ እያለ ለሚጎርሰው ነገር አያቱ ይኸው በርሜል ነው! ታኔ ሙያውን ከአማቷ ተቀብላ ለልጅ ልጇ ለሺኖ አስተምራለች፤ የቤቷም ስም የሚጠራው በዚሁ ነበር።

አንድ መኸር ሮኩቤይ የሚባል ነጋዴ ሺኖን ለልጁ ሊያጭ ከከተማ መጣ። የመንደሩ አሮጌ ዓሣ አጥማጅ ማታኪቺም ሽማግሌ ሆኖ አብሮት ገባ። ታኔ ሐሳብ ገብቷታል። ሺኖ እናትም አባትም የላትም፤ እኔ ዓይኔን ብከድን ማን ይሰበስባታል እያለች ነው።

«እመት ታኔ፣ ስለ ዓሣዎ ብዙ ሰምቻለሁ። እስቲ ያቅምሱኝ» አለ ሮኩቤይ።

«ገና ነው ጌታዬ። አዲስ ዓመት ሳይገባ ድንጋዩ አይነሣም።»

«አዬ የገጠር ነገር! እኛ ዘንድ ሩዙን በኮምጣጤ ለወስ፣ ዓሣውን ከላይ ጣል፣ ከዚያ ጉርስ ነው። ማን አዲስ ዓመት ይጠብቃል?»

«ሆዳችሁም እንደ እግራችሁ ይሮጣላ!» አለ ማታኪቺ ጢሙን እያሻሸ።

ሮኩቤይ አልሳቀም። «ምግቡን የሚደብቅ ቤት የልጅቷንም ነውር ይደብቃል» አለ።

ታኔ ደነገጠች። «ትንሽ ይታገሡኝ፣ ከአምናው የቀረ አለኝ» ብላ ወደ ጎተራው ወጣች። እንግዳው ግን ያችንም ታህል አልታገሠም፤ በቤቱ ጥግ ወደ ቆመው በርሜል ተነሣ። ሺኖ «ኧረ ይተዉ ጌታዬ!» ብላ ብትቆምበት ገፋ አድርጓት አለፈ። ድንጋዩን አንከባለለ፤ ክዳኑን ፈነቀለ፤ አንዲት ዓሣ ጎትቶ ከነሩዟ ገመጠ።

ታኔ ሳህን ይዛ ስትመለስ ሰውየው ይተፋል።

«ኡፍ! ገማ! በዚህ ነው የምትኮሩት? ለከተማው ሁሉ ባልናገር!»

የዓመቱ ልፋት ከንቱ ሊሆን ነው። ታኔ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ሺኖን አየቻት። ልጅቷ እጅጌዋን ሰብስባ ክዳኑን መልሳለች፤ ድንጋዩን ጭናለች፤ አዲስ የጨው ውኃ እየሞላች ነው። አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም። ያን ጊዜ ታኔም ጸናች። ሳህኑን አምጥታ እንግዳው ፊት አኖረች። ዓሣው ስስ ስስ ተደርጎ ተቆርጧል፤ መሐሉ ላይ ዕንቁላሉ እንደ ብርቱካን ቀልቷል።

«ይቅመሱት። አምና ከዚሁ በርሜል የወጣ ነው።»

ሮኩቤይ ሊያጣጥል አንዷን አፉ ውስጥ ወረወረ። መንጋጋው ቆመ። የበሰለ ዓይብ የሚመስል፣ ምራቅ የሚጠራ ጣዕም ነው። ሌላ አነሣ፤ ሌላም ደገመ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሺኖ መለሰ።

«ልጅቷን እንግዲህ…»

ታኔ ሳህኑን አነሣችበት።

«ሺኖ መጠበቅ ለሚያውቅ ቤት ናት። ለከተማው ሁሉ ሲናገሩ ይህንንም ይጨምሩልኝ።»

የፈራችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ምን አልኩ? ዕድሏን ዘጋሁባት ይሆን? ሺኖ ግን ቀና ብላ ቆማ ፈገግ አለችላት።

ሮኩቤይ ጫማውን አጠለቀና ከቤቱ ወጣ። ሽማግሌው ማታኪቺም ጀርባውን እያየ እንዲህ አለ፦ «ድንጋዩን ያልታገሠ ዓሣውን አይማ።»